ሰባ አንድና ሰማንያ ሦስት

በልጅ ልጄ ላይ የተፈረደው ፍርድ ልክ አልነበረም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ነገር ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ «መቼስ አለፈ» እያለ ስለሚያለሳልሰው ነው። ማለፉ ሌላ፣ መጉደሉ ሌላ። ፍርዱ ጎድሎ ነበር፤ የጎደለውም ስታቲስቲክስ የሚባለውን ትምህርት በሚያስተምሩ ሰዎች እጅ፣ በዚያው በስታቲስቲክስ ፈተና ውጤት ላይ ነው። ለተማሪ የሚያስተምሩትን ለራሳቸው ፍርድ አልተጠቀሙበትም። በደሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ጌጥ የለውም።

እኔ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያም እየተቆራረጠ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ዳዊት አነባለሁ፣ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ መደመርና መቀነስ አያቅተኝም፤ ማካፈል ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ቤቴ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ እናበቅላለን። ልጅቱን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ሌላ ባል አግብታ ወደ ደምበጫ ስትሄድ እኔ ዘንድ ቀረች፣ ቀረችና የእኔ ሆነች። የጎደለ ፍርድ ላቃና ቀበሌ ስገባ «እሷ መጣች፣ ወንበር አቅርቡ፣ ዛሬ ምሳ የለም» እየተባባሉ ይሥቃሉ። ይሣቁ። አገሩ ራሱ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብሎ አይደል ያሳደገኝ?

ልጅቱ የምትማርበት ኮሌጅ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም፣ አንዱ ቡሬ። ትምህርቱ አንድ ነው፤ አስተማሪውና ፈተናው ግን ለየብቻ። በየዓመቱ ከሁለቱ አንድ ተማሪ ብቻ ተመርጦ፣ ምግቡና መኝታው ተችሎለት፣ ባሕር ዳር ስታቲስቲክስ በዲግሪ እንዲማር ይላካል። የሚመረጠውም መግቢያ ስታቲስቲክስ በሚባለው ትምህርት ውጤቱ ነው። ያቺ ቦታ ለልጅቱ ብቸኛዋ በር ነበረች። እኔ ባሕር ዳር አስቀምጬ ላስተምራት አልችልም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ስታጠና ከረመች።

አንድ ቀን ከኮሌጅ መጣች፣ ደብተሯን አስቀመጠች፣ ልብሷን ለወጠችና በርበሬ ከተሰጣበት ሸራ አጠገብ ቁጭ ብላ መልቀም ጀመረች። አንድም ቃል ሳትናገር። ልጅ ዝም ብሎ ሥራ ሲጀምር ነገር አለ ማለት ነው።

«ምነው?» አልኋት።

«እምዬ፣ አልደረሰኝም።»

«ስንት አመጣሽ?»

«ሰባ አንድ።»

«የወሰደውሳ?»

«አንድ የቡሬ ልጅ ነው። ሰማንያ ሦስት።»

«እንግዲያማ በልጦሻላ!»

«በቁጥሩ በልጦኛል» አለችና የበሰበሰ ፍሬ አንሥታ ወረወረች። «የእኛ ፈተና ከባድ ነበር። ከእኔ ቀጥላ ያለችው ስልሳ ስድስት ናት። ከክፍሉ ሩቡ ሃምሳ አልሞላም። የቡሬው መምህር ፈተናው ለስለስ ያለ ነው ይላሉ።»

«ይላሉ ማለት ማስረጃ አይደለም» አልሁ። «አስረጂኝ።»

ያን ጊዜ ያደረገችውን እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል። ከላይኛው ማሳ የለቀምነውን በርበሬ አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ እያለች አወጣችና በሸራው ላይ በቁመቱ ልክ ደረደረችው። አጫጭሩን በግራ፣ ረጃጅሙን በቀኝ፣ እኩል እኩል የሆነውን ደግሞ እላዩ ላይ እየደራረበች። በግራ ጫፍ ሁለት ሦስት ድንክዬ ፍሬ ብቻ ሆነ። በቀኝ ጫፍም እንደዚሁ፣ ጣት የሚያካክል ጥቂት። መካከሉ ግን ተቆልሎ ተቆልሎ እንደ ጉብታ ከፍ አለ። ተዳፋቱም በሁለቱም ወገን ቀስ እያለ ወረደ።

«ማንም አልከመረውም» አለች። «በቁመቱ ብቻ ነው ያስቀመጥሁት፣ ጉብታው ራሱ ወጣ። መደበኛ ስርጭት ይሉታል። አብዛኛው ነገር ከመካከል ነው፣ ከመካከል እየራቀ ሲሄድ እያነሰ ይሄዳል። የፈተና ውጤትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የጉብታው አናት ያለበት አማካዩ ነው።»

ከዚያ ውኃ ከምናጠጣው ከታችኛው ጓሮ የተለቀመውን አምጥታ ከሥር ደረደረች። እሱም ጉብታ ሠራ፤ ነገር ግን ጉብታው ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ፣ ምክንያቱም ውኃ የጠጣው ሁሉም ረዘም ያለ ነው። ከላይኛው ማሳ ረጅም ያልነውን አንድ ፍሬ አንሥታ ከታችኛው ረድፍ አስገባችው። መካከል ላይ ገባ። ከመካከለኞቹ አንዱ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ስለዚህ አንድ ፍሬ ረጅም ነው አጭር ነው ለማለት፣ አስቀድሞ የየትኛው ማሳ ነው ብሎ መጠየቅ አለ» አልሁ።

«ይኸው ነው።»

«ታዲያ መራጮቹ ይህን አያውቁም?»

«ያስተማሩን እነሱ ናቸው እኮ እምዬ።»

ከዚያ ወዲያ መስማት አልቻልሁም። እሷ ገና «ሌላም አንድ ነገር አለ፣ መበታተኑን ደግሞ...» ስትል እኔ ነጠላዬን አንሥቼ ነበር።

ያን ቀን ስለመሸ በማግሥቱ ኮሌጁ ሄድሁ። የመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኮት የለበሰ፣ ጨዋ የሆነ፣ ግን ዓይኑ ሰዓቱ ላይ የሆነ ጎልማሳ ነው። የሂሳብ ሰው ነው አሉኝ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«ቆሜ ልናገር። ስቀመጥ ነገሬ ይቀዘቅዛል።»

ፈገግ አለ። ሁለቱ ፈተናዎች የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ ማሳ ውኃ የጠጣ፣ አንዱ ያልጠጣ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ልጅ ከገዛ ክፍሉ መካከል ምን ያህል እንደራቀ ሳይታይ ቁጥር ከቁጥር ማወዳደር ግፍ መሆኑን ነገርሁት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ።

«የፍኖተ ሰላም አማካይ ሃምሳ አምስት ነው» አለ። «የቡሬው ስልሳ አምስት። የቡሬው በርግጥ ይቀላል፣ እውነትዎን ነው። እንግዲህ እርስዎ ባሉት እንሂድ። ልጅዎ ከሃምሳ አምስት ሰባ አንድ፣ በአሥራ ስድስት በልጣለች። የቡሬው ልጅ ከስልሳ አምስት ሰማንያ ሦስት፣ በአሥራ ስምንት በልጧል። አዩ? እርስዎ ባሉት መንገድም አሸናፊው እሱ ነው።»

መቀነስ አውቃለሁ አላልሁም? በልቤ ቀነስሁት። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት። ራሴ ባቀበልሁት በትር መታኝ። «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብዬ ወጣሁ።

ልጅቱ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እየሄድን ነገርኋት። «በፍርድ ነው የሄደው» አልኋት። «ቁርጡን አወቅን፣ በቃ።»

ቆመች። «እምዬ፣ አልጨረሱትም እኮ። አማካዩን ቀንሶ መተው ግማሽ መንገድ ነው። በመበታተኑ መካፈል አለበት።»

«አሥራ ስምንት ከአሥራ ስድስት አይበልጥም?»

«ይበልጣል፣ ግን...»

«ግን የለም። ለሌላ ሰው ሲሆን ሚዛን ይዤ፣ ለአንቺ ሲሆን አላጋድልም። እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁሽም።»

መንገዷን ቀጠለች። ዝምታዋም እቤት ድረስ ተከተለን፣ ከዚያም ከቤት አልወጣ አለ። የጠየቅኋትን ትመልሳለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፣ ትስቅ የነበረችው ልጅ ግን የለችም። ከሰብሳቢው ይልቅ የእኔ ፍርድ እንደጎዳት ገብቶኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ቁጥሩ ቁጥር ነው ብዬ ጸናሁ።

የጤፍ አጨዳችን ደረሰና ደቦ ጠራሁ። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የጣለው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የታችኛውን ማሳ ጤፍ አስተኝቶት ነበር፤ የላይኛው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጫጆቹ ሁለት ቦታ ተካፍለው በሰልፍ ገቡ። እኛ አካባቢ አንድ ወግ አለ። ለዕረፍት ሲቆም የመጀመሪያው ሽክና ጠላ ከሁሉ ልቆ ለወጣው አጫጅ ይሰጣል፤ የምትሰጠውም የደቦው ባለቤት ናት። ሽክናዋን ላልተገባው ሰው የሰጠች ሴት እስከ ከርሞ ደቦ ድረስ መሣቂያ ናት። ስለዚህ ማሳው ዳር ቆሞ ማየት ነው።

የዕረፍቱ ሰዓት ደርሶ ሽክናዋን ቀድቼ ብቅ አልሁ። በላይኛው ማሳ አንድ ጎረምሳ ከሰልፉ አሥር እርምጃ ያህል ቀድሞ ወጥቷል። በታችኛው ደግሞ አንድ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ጎረቤታችን ከሰልፉ አራት እርምጃ ያህል ወጥቷል።

«እማማ፣ ሽክናዋን ወዲህ!» አለ ጎረምሳው ማጭዱን እያወዛወዘ። «ዓይንዎ ደከመ እንዴ? እኔንና ጓደኞቼን የሚለየን አንድ አገር ነው!»

«አንተማ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጨደኝ የሚልህን ጤፍ ነው ያጨድህ!» አለው ገብስማው ከታች። «ና እዚህ የሚያንኮራፋውን ቀስቅሰህ እጨድ፣ ጀግና ከሆንህ!»

«ቢያንኮራፋ ቢነቃ፣ አሥር ከአራት ይበልጣል!»

«ለእናትህ ንገራት!»

ሳቁ ማሳውን ሞላው። አጫጁ ሁሉ፣ የላይኞቹም ሳይቀሩ፣ «ለታች! ለታች ይገባል!» አለ። እኔም ሳላወላውል ወደ ታች ወረድሁና ሽክናዋን ለገብስማው ሰጠሁት። ከተቀበለኝ በኋላ ነው እጄ ባዶውን አየር ላይ የቀረው።

አሥር ከአራት ይበልጣል። እኔም ከሰብሳቢው ደጅ ስወጣ ያልሁት ይህንኑ አልነበረም? ታዲያ እዚህ ለምን አራቱን መረጥሁ? ለምንስ ሁሉም ያለ ክርክር ተስማማ?

ዞሬ ሁለቱን ሰልፍ አየሁ። የላይኞቹ ተበታትነዋል። ጤፉ ቀላል ስለሆነ እያንዳንዱ እንዳሻው ሄዷል፤ አንዱ ስድስት እርምጃ ወጥቷል፣ አንዱ ሰባት ወደኋላ ቀርቷል፣ ሌላው ከመካከል ነው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ አሥር እርምጃ መውጣት ጥሩ ነው፣ ግን ጉድ አይደለም። የታችኞቹ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል፤ የተኛ ጤፍ ፈጣኑንም ቀርፋፋውንም አንድ ላይ ይዞ ያስቀራል። አንዱ ከሌላው ቢበዛ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ነው የሚለየው። ከእነዚያ መካከል አራት እርምጃ የወጣ ሰው፣ ወጣ ማለት ይህ ነው! ርቀት በርቀትነቱ ብቻ አይለካም። ሌሎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደተራራቁ ታይቶ ነው። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ከፈተና ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ልጅቱ ውኃ በጀሪካን ይዛ ስትመጣ ጠራኋት።

«ያ አልጨረሱትም ያልሽኝ ነገር... ይህ ነው?» አልኋት ሁለቱን ሰልፍ በአገጬ እያመለከትሁ።

ላይኛውን አየች። ታችኛውን አየች። ጀሪካኑን አስቀመጠች። «እምዬ» አለች፣ ከስንት ቀን በኋላ ፊቷ ተፈታ፣ «ይኸው ነው እኮ! ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት ይኸው ነው።»

እዚያው ማሳው ዳር ቁጭ ብለን አስረዳችኝ። ተማሪዎች ከአማካያቸው በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚነግር አንድ ልክ አለ። እንደ ክንድ ነው አለችኝ፣ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ክንድ አለው። የእነሱ ክፍል ክንድ ስምንት ነው፤ መምህራቸው የገዛ ውጤታቸውን አሠርቷቸዋል። እሷ ከመካከል በአሥራ ስድስት ርቃለች፤ አሥራ ስድስት ለስምንት ሲካፈል ሁለት። በራሷ ክፍል ክንድ ሁለት ክንድ ወጥታለች። ይህ ዜድ የሚሉት ውጤት ነው፤ ክፍልና ፈተና የተለያየ ቢሆንም ሰውን ከሰው የሚያስተያየው ይህ ነው።

«የቡሬዎቹ ክንድ ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«ማን ያውቃል?»

«እነሱ ራሳቸው ሠርተውት ይሆናል። መጽሐፉ አንድ ነው።»

«ለልጁ ደውይለት።»

«ቦታህን ልወስድብህ ነውና ቁጥር ስጠኝ ልበለው? አልደውልም!»

«እንግዲያ እኔው ራሴ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ግን ስሚኝ፣ የእነሱም ክንድ ስምንት ከሆነ ወይም ከስምንት ካነሰ እሱ በልጦሻል፤ ያን ጊዜ ለሁልጊዜው ዝም እላለሁ።»

«ይሁን» አለች። «እንዲያ ከሆነ እኔም።»

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ወረድሁ። የኮሌጁን አንደኛ ብዬ ስጠይቅ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አሳዩኝ፤ ከትምህርት ሲወጣ የአጎቱን ባጃጅ ይነዳል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር የሚጋጭ ልጅ ነው።

«የት ላድርስዎት እማማ?»

«የትም። አንተን ፈልጌ ነው። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ አያት ነኝ፣ የሰባ አንዷ።»

ሣቀ። «ወንበሬን ሊወስዱ እስከ ባጃጄ መጡ?»

«ወንበሩ የማን እንደሆነ ላጣራ ነው የመጣሁት። ያንተ ከሆነ መርቄህ እመለሳለሁ።»

«የእኔ ካልሆነሳ?»

«መርቄህ እወስደዋለሁ።»

ጓደኞቹ ከጎን «ኧረ ወዮልህ! ከእኒህ ጋር አትሟገት!» እያሉ አንጫጩበት። እሱ ግን ነገሩን የምር እንደያዝሁት ገባው መሰለኝ፣ ከኋላ እንድቀመጥ ነግሮኝ ከግርግሩ ትንሽ ራቅ አደረገኝ።

«ምን ልርዳዎት?»

«የክፍላችሁን መበታተን ንገረኝ።»

ሞተሩን አጠፋ። «ማን ነው ይህን ያስተማረዎት?»

«የተኛ ጤፍ።»

አልሣቀም። አየሁት፤ ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል። ቁጥሩን በቃሉ እንደሚያውቀው ታወቀኝ። ስድስት ነው ቢለኝ ምን አመጣ ነበር? በምን አጣራዋለሁ? እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል።

«አሥራ ሁለት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ራሴ ነኝ ሰሌዳ ላይ ያሰላሁት። የእኛ ክፍል እንደ ሰማይና ምድር ነው፣ ዘጠና ያለም አለ፣ አርባ ያለም አለ። ዘጠና ያለው አቋርጦ ንግድ ባይገባ ቦታው የእሱ ነበር።» ከዚያ ቀስ ብሎ «የእናንተስ?» አለኝ።

«ስምንት።»

ወደ መሪው ዞረ። ካልኩሌተር አላወጣም። «እኔ አሥራ ስምንት ለአሥራ ሁለት፣ አንድ ተኩል» አለ። «እሷ ሁለት።» ለእኔም ለራሱም በሚመስል ድምፅ አስረዳኝ። ጉብታው ደንበኛ ጉብታ ከሆነ፣ አንድ ተኩል ላይ ከቆመ ሰው በላይ ከመቶ ሰባት ያህል ሰው አለ፤ ሁለት ላይ ከቆመ ሰው በላይ ግን ሁለት ያህል ብቻ።

ያሸነፍሁ መሆኔን ባውቅም ደስታዬ አፌ ላይ አልደርስ አለኝ። ልጁ ገና ልጅ ነው፣ የእሱም በር ያችው አንዲቱ ናት።

«ግን እማማ» አለ በድንገት፣ «ዝም ብዬ አልሰጥዎትም። አንድ ነገር አለ።»

«ተናገር።»

«ይህ ሁሉ ልክ የሚሆነው ሁለቱ ክፍሎች እኩል ከሆኑ ነው። የእኛ ክፍል ጎበዝ ጎበዙ የተሰበሰበበት ቢሆንስ? ከጎበዞች መካከል አንድ ተኩል መውጣት ከደካሞች መካከል ሁለት ከመውጣት ሊበልጥ ይችላል። አማካያችን ከፍ ያለው ፈተናው ቀሎ ይሁን ወይ እኛ በርትተን፣ እርስዎ ያውቃሉ? እኔም አላውቅም።»

ሰበብ ነው ልለው አፌን ከፈትሁ። ግን የማሳውን ሰልፍ አሰብሁት። ታች ያሰለፍኋቸው ሁሉ ማጭድ መያዝ የጀመሩ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ሽክናዋን እንዲያ በቀላሉ እሰጥ ነበር? አልሰጥም ነበር። የልጁ ነገር ልክ ነው።

«ይህንንም እነግራቸዋለሁ» አልሁት።

«ይነግሯቸዋል?»

«ቃሌ ነው።»

«ቢወስዱብኝም እንዲህ አድርገው ይውሰዱብኝ» አለና ሞተሩን አስነሥቶ እስከ መናኸሪያ አደረሰኝ። መረቅሁት። ምርቃቴንም «አሜን» እያለ እንደ ገጠር ልጅ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ለሁለተኛ ጊዜ ከሰብሳቢው ፊት ቆምሁ። ልጅቱም አብራኝ ነበረች፤ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ ውጤቱ እኮ ጸድቋል» አለኝ ገና ሲያየኝ። «መመሪያው ደግሞ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ነው የሚለው።»

«ከፍተኛ? ከማን ከፍ ያለ?»

ዓይኑን ከሰዓቱ አነሣ።

«ባለፈው ቀንሰህ ሰጠኸኝ፤ አላካፈልህልኝም» አልሁት። «የፍኖተ ሰላም ስምንት ነው። የቡሬ አሥራ ሁለት። አካፍለው።»

አካፈለው። ለማካፈልም ጊዜ አልወሰደበትም። ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተለጠጠና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ይህን ምዕራፍ እኔ ራሴ ነኝ ለሌላው ክፍል የማስተምረው» አለ። «ስድስት ሰዎች ተቀምጠን ነበር፤ ስድስታችንም ጥሬውን ቁጥር አይተን ፈረምን። እርስዎ ሲመጡም ቶሎ ልሸኝዎት ፈልጌ ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው።»

«እውነቱን ስለነገርኸኝ እኔም አንድ እውነት ልጨምርልህ» ብዬ የቡሬውን ልጅ ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። ክፍላቸው ጎበዝ የተሰበሰበበት ከሆነ ሁለቱ ከአንድ ተኩሉ መብለጡ ላይጸና እንደሚችል።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ራሱ ልጁ።»

«የሚጎዳው እኮ የእርስዎን ልጅ ነው። ለምን ይነግሩኛል?»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞም ልክ ነው። ልክ ካልሆነ ንገረኝና ልሂድ።»

«ልክ ነው» አለ። ከዚያ ተነሥቶ መስኮቱ አጠገብ ሄደና ተመለሰ። ተማሪዎቹ ወደ ኮሌጁ ሲገቡ የሁለቱም ቅርንጫፍ አመልካቾች አንድ ዓይነት የመግቢያ ፈተና በአንድ ቀን ወስደው እንደነበር አስታውሶ ነገረኝ። ያን ፈተና ያወጣው አንድ ሰው፣ ያረመውም አንድ ሰው ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሲገቡ እኩል ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ከዚያ ይታያል። ኮሚቴውን ሰብስቦ እንደሚያይ ነግሮ ከገበያ ቀን በኋላ እንድንመለስ ቀጠረን።

በቀጠሮው ቀን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጠብቅ ልጅቱ እጇን ታፍተለትል ነበር።

«እምዬ፣ የቡሬዎቹ በልጠው ተገኝተው ቢሆንስ?»

«እንግዲያ እሱ ይሄዳል።»

«ያን ጊዜም በፍርድ ነው የሄደው ይሉኛል?»

«እልሻለሁ» አልኋት። «ግን ያን ቀን መንገድ ላይ እንዳደረግሁት አላደርግሽም። "ግን" ስትይኝ ግኑን እሰማዋለሁ።»

ከጎኔ ስትሥቅ ተሰማኝ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ትከሻዋ ብቻ። እጇንም ማፍተልተሏን ተወች።

በሩ ተከፈተና ሰብሳቢው ራሱ ወጣ። እንድንገባ አልጠራንም፤ ከፊታችን መጥቶ ቆመ።

«የመግቢያውን ፈተና አየነው» አለ። «ሁለቱ ክፍሎች ሲገቡ አማካያቸውም መበታተናቸውም ተቀራራቢ ነበር፤ ጉብታው በጉብታ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው። ልዩነቱን ያመጣው የዘንድሮው ፈተና ነው። ስለዚህ ሁለት ከአንድ ተኩል ይበልጣል፣ ቦታው የልጅቱ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔያችን ስሕተት ነበር። ስሕተት ነበር ብለንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በሁለቱም ቅርንጫፍ እንለጥፋለን።»

ልጅቱ ተነሣች፣ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ግን ገና አልጨረስሁም ነበር።

«ለቡሬው ልጅሳ?» አልሁት።

«ዛሬ ጠዋት እኔው ደውዬ ነገርሁት።»

«ምን አለ?»

«አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ከእንግዲህ ለሚመጣው ተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሰላው?" አለኝ።»

«አንተሳ ምን አልኸው?»

«አዎ አልሁት» አለ። «ለሁሉም።»